ሐይቅ ዳር የሚሰቀል መብራት ስንት ቁጥር ይበቃዋል?

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የንግድ ቤት ያላቸው አንባቢዎች የላኩልንን ጥያቄዎች ለዚህ እትም አሰባስበናል። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በመብራት ዕቃ ካርቶን ላይ «አይፒ» ከሚለው ቀጥሎ በሚታተመው ባለሁለት አሃዝ ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ የሚወጣው በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 60529 በተባለው ደረጃ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ፣ ከ0 እስከ 6፣ አቧራና ሌላ ጠጣር ነገር እንዳይገባ ያለውን መከላከያ ይናገራል፤ ሁለተኛው፣ ከ0 እስከ 9፣ የውሃውን። በአንደኛው በኩል ያልተፈተነ ዕቃ በአሃዙ ፈንታ «ኤክስ» ይጻፍበታል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት አለን። አምና ጥር ላይ ባለ 50 ዋት 12 ፓውዛዎች ገዝተን በግቢው ዛፎችና በአጥሩ ላይ አሰቀልን። ካርቶኑ አይፒ 65 ይላል። ሐምሌ ላይ መስታወታቸውን ከውስጥ ላብ ያዘው፤ ነሐሴ ሳያልቅ 5ቱ ጠፉ። ባለሱቁ «65 ለሐይቅ ዳር አይሆንም፣ 68 ግዙ» ይለናል። የሰቀለልን ልጅ ደግሞ ዙሪያቸውን በሲልከን ልድፈነው ይላል። የማንን እንስማ?

መልስ፦ የሁለቱንም አይስሙ። በትክክል የተሠራ 65 ለግቢዎ ይበቃል፤ የገባው ውሃም በመስታወቱ ዙሪያ የገባ አይመስለንም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንየው። 6 ማለት አቧራ ጨርሶ አያስገባም ማለት ነው። 5 ማለት ደግሞ 6.3 ሚሊ ሜትር አፍ ካለው ቱቦ በደቂቃ 12.5 ሊትር የሚወጣ ውሃ፣ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ፣ ከየአቅጣጫው ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ተረጭቶበት ጉዳት የሚያደርስ ውሃ አልገባም ማለት ነው። የሐምሌ ዶፍ ከሐይቁ ነፋስ ጋር ተጋግዞ ቢመጣ እንኳ ከዚህ አይበረታም። 68 ሌላ ነገር ነው፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ለሚኖር ዕቃ የወጣ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ እስከ 6 ድረስ የውሃው አሃዝ ከፍ ሲል የታችኞቹን ይጠቀልላል፣ ከ7 ጀምሮ ግን አይጠቀልልም። 68 ብቻ የተጻፈበት መብራት በኃይል ለሚረጭ ውሃ ላይፈተን ይችላል። ለሁለቱም የተፈተነ ከሆነ «66/68» ተብሎ ሁለቱም ይጻፋሉ። ስለዚህ ባለሱቁ የሚመክርዎ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ለዝናብ ያልተፈተነ ዕቃ ሊያስገዛዎ ይችላል።

ታዲያ ውሃው በየት ገባ? ፓውዛ ይተነፍሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲበራ በውስጡ ያለው አየር ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ ባገኘው ቀጭን ክፍተት ወደ ውጭ ይወጣል። 3 ሰዓት ላይ ዶፍ ሲወርድበት ሰውነቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ የቀረው አየር ይኮማተርና የጎደለውን ለመሙላት ከውጭ ይስባል። ውጭ ያለው ደግሞ ውሃ ነው። ሒሳቡን እንሥራው፦ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። 60 ዲግሪ የደረሰ የታሸገ አየር ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ግፊቱ በ12 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህም 10 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ የሚጫነው ልክ ይህን ያህል ነው። ዛፍ ላይ የተሰቀለው ፓውዛዎ፣ በዚያች ሰዓት፣ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ እንደገባ ዕቃ ይጨነቃል ማለት ነው።

ይህ ስበት የሚያገኘው ደካማ ቦታ ብዙውን ጊዜ ኬብሉ ነው። አብዛኞቹ ፓውዛዎች ከፋብሪካ የሚመጡት ግማሽ ሜትር እንኳ በማትሞላ አጭር ኬብል ነው። ሠራተኛው ከዋናው መስመር ጋር ጠምዝዞ ያያይዛትና በናስትሮ ይጠቀልላታል። ናስትሮ ውሃ አያቆምም፤ በፀሐይና በሙቀት ሙጫው ይለቃል። የኬብሉ መዳብ ደግሞ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ስለሆነ በክሮቹ መካከል ክፍተት አለ፤ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ያ ክፍተት ከመገጣጠሚያው ላይ ያለውን ውሃ እየሳበ በፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ወደ ፓውዛው ሆድ ያደርሰዋል። ውጭው ደረቅ ሆኖ ውስጡ የሚያልበው ለዚህ ነው። ልጁ መስታወቱን በሲልከን ቢደፍነው የገባው ውሃ መውጫ ያጣል እንጂ የሚገባው አይቆምም። በዚያ ላይ በየሱቁ የሚገኘው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲልከን ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መዳብ ይበላል፣ ለኤል ኢ ዲውም ጠንቅ ነው። ሲልከን የግድ ካስፈለገ ሽታ የሌለውን፣ «ኒውትራል» የሚባለውን ይግዙ።

አሁን እንዲህ ያድርጉ። ብሬከሩን አጥፍተው ሰባቱንም ደህነኞች ያውርዱ። የሚከፈቱ ከሆኑ ይክፈቱ። ድራይቨሩ፣ ማለትም ለኤል ኢ ዲው ኃይል የሚመጥነው ክፍል፣ ወይም የሽቦው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ያ ፓውዛ ቢበራም ብዙ አይቆይም፤ ለይተው ያስቀምጡት። የቀሩትን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ያድርቁ፤ የጎማ ማሸጊያውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው አሸዋና ፀጉር አስወግደው፣ ሳይጠመዘዝ ጎድጓዱ ውስጥ መልሰው ያስቀምጡት። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው አይሂዱ፤ የመኪና ጎማ እንደሚታሰረው በሰያፍ ተራ በተራ፣ ሁለት ሦስት ዙር ያጥብቁ። የሚዘጉት ደግሞ ደረቅ ቀን ላይ ይሁን፤ በዝናብ ሰዓት የተዘጋ ፓውዛ እርጥብ አየር ይዞ ስለሚታሸግ ሌሊቱን ያልበዋል።

ዋናው ሥራ መገጣጠሚያው ነው። ለእያንዳንዱ ፓውዛ አይፒ 66 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አነስተኛ ስካቶላ፣ ማለትም የሽቦ ማገናኛ ሳጥን፣ ይግዙ፤ ሽቦውን በተርሚናል ያገናኙ እንጂ አይጠምዝዙ። የሚገኝ ከሆነ ስካቶላውን በኤሌክትሪክ ጄል ይሙሉት፤ የውሃውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚቆርጠው እሱ ነው። ኬብሎቹ ከታች በኩል ብቻ ይግቡ። ግላንዱ፣ ማለትም ኬብሉ የሚገባበት ጎማ ያለው ማጥበቂያ፣ ለኬብሉ ውፍረት ልክ መሆን አለበት፦ ክብ የሆነ ባለ 3 መስመር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ውፍረቱ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚይዘው የ20 ሚሊ ሜትር ግላንድ ይስማማዋል። ሁለት ነጠላ ሽቦ አጣምሮ በአንድ ግላንድ ማሳለፍ ግን ግላንድ እንደሌለ ቁጠሩት፤ ጎማው ክብ ነገር ነው የሚጨብጠው፣ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያለው ክፍተት ክፍት ይቀራል። ያልተጠቀሙበት ቀዳዳ ካለ በራሱ መክደኛ ይደፈን። ኬብሉ ወደ ፓውዛው ከመግባቱ በፊት አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ጎብጦ ይመለስ፤ በላዩ የሚወርደው ውሃ ከጉብጠቱ ጫፍ ይንጠባጠባል እንጂ ግላንዱ ጋ አይደርስም።

5ቱን ሲተኩ መተንፈሻ ቫልቭ ያለው ይምረጡ። ከጀርባ ወይም ከጎን በኩል የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፣ አየር አሳልፋ ውሃ የማታሳልፍ ክብ ነገር ናት። እሷ ካለች ፓውዛው የሚስበው በእሷ በኩል ስለሆነ ማሸጊያውና ኬብሉ ያርፋሉ። 65 ቫልቭ ያለውና 67 ቫልቭ የሌለው ቢቀርቡልን ለእርስዎ ግቢ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ዛፉን ከሥር ወደ ላይ የሚያበሩት ፓውዛዎች ካሉ ግን መስታወታቸው ላይ ውሃ ስለሚተኛ ለእነሱ 66 እና ከዚያ በላይ ይያዙ። መሬት ውስጥ ለሚቀበሩት 67፣ ከሥራቸውም 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፤ ውሃው የሚሰርግበት ካላገኘ 67ም ቢሆን ከ30 ደቂቃ በላይ ስለመዘፍዘፍ የሚሰጠው ዋስትና የለም።

በመጨረሻም ለውጭ መብራቶች መስመር 30 ሚሊ አምፒር የኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚያጠፋውን፣ ያስገቡ። ደንበኛ የብረት አጥሩን ተደግፎ የሚቆምበት ግቢ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነም ውሃ የገባበትን መብራት ቀድሞ ነገረዎት ማለት ነው፤ ብሬከሩን አይለውጡት፣ መብራቶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ይፈልጉት።

ጥያቄ፦ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሰው የሚያመላልሱ ጀልባዎች የሚቆሙበት የእንጨት መድረክ አለን። በምሰሶዎቹ ላይና ከደረጃው ሥር መብራት ልናስገባ ነው። ሻጩ «ለባሕር የተሠራ ካልሆነ ይዝገዋል» ብሎ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ዕቃ አሳየን።

መልስ፦ ጣና ጨዋማ አይደለም። ለባሕር ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ዋጋው የሚንረው የጨው ዝገትን እንዲቋቋም ነው፤ እናንተ ዘንድ ጨው የለም። ጥሩ ቀለም የተቀባ አልሙኒየምና 304 የተባለው የማይዝግ ብረት ብሎን ይበቃችኋል። የተረፈውን ገንዘብ ለኬብሉና ለትራንስፎርመሩ አውሉት።

ቁጥሩን የሚወስነው የሐይቁ ከፍታ ነው። ጣና በክረምቱ ይሞላና መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ እየቀነሰ እስከ ዝናቡ መግቢያ ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ግንቦት ላይ ቆማችሁ «እዚህ ውሃ አይደርስም» ብላችሁ አትወስኑ። ምሰሶዎቹ ላይ ውሃው በየዓመቱ ጥሎት የሚሄደውን የጭቃና የአልጌ መስመር ፈልጉ። ከመስመሩ በላይ ከ1 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው መብራት አይፒ 66 ይሁን፤ ሞገድ ሲጋጭ የሚረጨው ውሃ ከዝናብ ይበረታል። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ «66/68» ይሁን፣ ከጎኑም ጥልቀቱና ጊዜው የተጻፈ ይሁን። 68 በራሱ የተወሰነ ጥልቀት የለውም፤ ከ7ኛው ማለትም ከ1 ሜትርና ከ30 ደቂቃ ይከብዳል ማለት ብቻ ነው፣ የቀረውን አምራቹ ነው የሚናገረው። «68፣ 3 ሜትር» የሚል ከሌለ አትግዙ። እንቦጭና ደንገል የሚከማችበት ጥግ ከሆነም መብራቱን ወደ መድረኩ ውስጠኛ ገጽ አዙሩት፤ ጀልባ ሲያስጠጉ የሚገፋው ክምር ኬብሉን ጎትቶ ግላንዱን ያላላዋል።

ከውሃው መስመር በታች 220 ቮልት አታውርዱ። 12 ወይም 24 ቮልት መለያ ትራንስፎርመር መሬት ላይ፣ በዓመቱ ከፍተኛ ሙላት እንኳ በማይነካ ቦታ ይቀመጥ። ሰው እየወጣ እየወረደ እጁ የሚነካው ቦታ ስለሆነ ይህ ነጥብ ላይ አንደራደርም። ጀልባ የሚገጨው መብራት ደግሞ ሌላ ቁጥር ይፈልጋል፦ «አይኬ» የሚባለው የምት መቋቋሚያ ደረጃ ነው፤ አይኬ 08 የ5 ጁል፣ አይኬ 10 የ20 ጁል ምት ይችላል። ደረጃው ሥር ላለው 10 ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ቆሮሶና አምባዛ ተቀብለን ፊሌቶ እያወጣን ወደ አዲስ አበባ የምንልክ ማኅበር ነን። ክፍሉ በየቀኑ በሙቅ ውሃና በበረኪና፣ በግፊት ማሽን ይታጠባል። አይፒ 65 መብራቶች በስድስት ወር ይሰነጠቃሉ።

መልስ፦ እናንተ ዘንድ ሁለት ችግር ተደራርቧል፤ ቁጥሩ አንሷል፣ ፕላስቲኩም በኬሚካል እየተበላ ነው።

የግፊት ማሽን ያለበት ቦታ 65 ቦታው አይደለም። 66 በ12.5 ሚሊ ሜትር አፍ በደቂቃ 100 ሊትር ውሃ ተለቆበት የተፈተነ ነው፣ እሱም ቢሆን ከ2.5 ሜትር ርቀት ላይ። 69 ደግሞ 80 ዲግሪ የሞቀ ውሃ፣ ከ80 እስከ 100 ባር ግፊት፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ቅርበት፣ በ4 ማዕዘን በእያንዳንዱ 30 ሴኮንድ ተረጭቶበታል። ወሳኙ የማሽኑ አፍ ምን ያህል ይጠጋል የሚለው ነው። አጣቢው በእጁ ይዞ ሲሠራ ቆማችሁ እዩት። ከመቁረጫ ጠረጴዛው በላይ ዝቅ ብለው የተንጠለጠሉት ላይ አፉን አስጠግቶ መርጨቱ አይቀርም፤ እነሱ «66/69» ይሁኑ። 4 ሜትር ከፍታ ያለው ኮርኒስ ላይ ላሉት 66 ይበቃል። «69ኬ» የሚል ብታዩ ከመኪና ዕቃዎች ደረጃ የመጣ አጻጻፍ ነው፤ ፈተናው ተቀራራቢ ነው። ይህ ምክር ላቫጆ ላላቸው አንባቢዎችም ይሠራል።

የተሰነጠቀው ሽፋን ፖሊካርቦኔት ይመስለናል። ስንጥቁ ከብሎን ወይም ከመቆንጠጫ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የሚጀምር ከሆነ ምክንያቱ ምት አይደለም፤ ቅባት ለማንሳት የምትጠቀሙበት ጠንካራ አልካላይ ሳሙና ነው፣ በጣም የጠበቀ ብሎን ደግሞ ያባብሰዋል። አክሪሊክ ሽፋን አልካላይን የተሻለ ይችላል፣ ለምት ግን ደካማ ነው። ባዶ መስታወት ከአሳ በላይ አይሰቀልም፤ ስብርባሪው ፊሌቶ ውስጥ ከገባ የዚያን ቀን ምርት ሁሉ መጣል ነው። መስታወት ከሆነ ሲሰበር የማይበተነው፣ ፊልም ያለበት ይሁን። በረኪና አልሙኒየምን ይበላል፤ የማይዝግ ብረትንም ቢሆን ከቆየበት ይበሳዋል። ስለዚህ በረኪናው ከተረጨ በኋላ መብራቶቹም በንጹሕ ውሃ ይለቅለቁ። ግድግዳና ወለል ብቻ ለቅልቆ መተው በየቦታው የሚታይ ስህተት ነው።

እጥበቱ ከመጀመሩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ከጠረጴዛው በላይ ያሉትን አጥፉ፤ ትኩስ መብራት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ የሚሆነውን ለምግብ ቤቱ ባለቤት በሰጠነው መልስ ላይ አስረድተናል። ማቀዝቀዣ ክፍል ካላችሁ ደግሞ ኬብሉ ያለፈበት ኮንዲዩት ከሞቃቱ ክፍል ወደ ቀዝቃዛው እርጥብ አየር ያሻግራል፤ አየሩ መብራቱ ውስጥ ደርሶ ጠል ይሆናል። ኮንዲዩቱ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቦታ በማሸጊያ ሊጥ ይደፈን። 69 የተጻፈበት መብራትም ከዚህ አያመልጥም፤ ውሃው የሚመጣው በራሱ ቧንቧ ነዋ!

ጥያቄ፦ የፔንሲዮናችን ኮሪደር መብራቶች ውስጥ ከሐይቁ የሚመጡ ጥቃቅን ትንኞች ይሞላሉ። በየወሩ መክፈት ሰልችቶናል። ምን ያህል ቁጥር ያለው ይሻላል?

መልስ፦ የመጀመሪያው አሃዝ 4 የሆነው የሚከለክለው 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው፤ ትንሿ ትንኝ ታልፈዋለች። 5 ይግዙ። ዝናብ የማይነካው የተሸፈነ ኮሪደር ከሆነ 54 በቂ ነው። አሮጌዎቹን መቀየር ካልፈለጉ የሚገቡት በኮርኒሱ በኩል ባለው የሽቦ ቀዳዳ ስለሆነ እዚያ ላይ የጎማ ቀለበት ያስገቡ። የአምፖሉን ቀለምም ይቀይሩ፤ ነፍሳትን ይበልጥ የሚጠራው ሰማያዊነት ያለበት ነጭ ብርሃን ነው፣ 2,700 ወይም 3,000 ኬልቪን የሆነው ቢጫማ ብርሃን የሚስበው ያነሰ ነው። ወደ ሐይቁ አቅጣጫ የሚታየውን መብራት ወደ ታች ብቻ እንዲያበራ ይሸፍኑት።

ጥያቄ፦ ወፍጮ ቤት አለኝ። ዱቄቱ መብራቶቹን ይሸፍናቸዋል፣ ቶሎ ቶሎም ይቃጠላሉ። አይፒ 54 ይበቃል ወይስ 65?

መልስ፦ 65። ግን ለእርስዎ ቁም ነገሩ 6ቱ ነው፤ ውሃ ስለሌለ 5ቱ አብሮ የመጣ ነው። 5 የሆነ አቧራ መከላከያ ጥቂት ዱቄት ያስገባል፣ ሥራውን እስካላሰናከለ ድረስ ደረጃው ይፈቅድለታል። ወፍጮ ቤት ውስጥ «ጥቂት» በየቀኑ ሲደመር ድራይቨሩ ላይ ይጋገራል። 6 የሚባለው በታልክ ዱቄት በተሞላ ሳጥን ውስጥ፣ ከውስጡ አየር እየተሳበ እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ምንም ያልገባበት ነው።

የሚቃጠሉት ግን ከውጭ በተከመረው ዱቄትም ጭምር ነው። በላዩ የተኛው ዱቄት እንደ ጋቢ ሙቀቱን ያፍነዋል። ጀርባው ጠፍጣፋ ከሆነ ፓውዛ ይልቅ ጎኑ ተዳፋት የሆነ ወይም ክብ ቱቦ የመሰለ መብራት ይምረጡ፤ ዱቄቱ ይንሸራተትለታል። በየሳምንቱ አጥፍተው በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በኮምፕረሰር አየር አይንፉት። አየር ላይ የተበተነ ዱቄት ብልጭታ ወይም በጣም የጋለ ነገር ካገኘ በእሳት ይፈነዳል፤ ባዶ ሃሎጅን ፓውዛ ደግሞ መስታወቱ በመቶዎች ዲግሪ የሚግል ስለሆነ ካለዎት ዛሬውኑ ያንሱት።

አይፒ 65 የፍንዳታ መከላከያ አይደለም። የእህል ማከማቻ ጎተራ፣ የተዘጋ የዱቄት ማጠራቀሚያ ወይም ማንሻ ባለበት ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ የፍንዳታ መከላከያ ምልክት ለብቻው የታተመበት መብራት ያስፈልጋል። የላይኛው ገጽታ ሙቀቱም 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዱቄት ንጣፍ መጤስ ከሚጀምርበት ዲግሪ ቢያንስ በ75 ዲግሪ ዝቅ ማለት አለበት። ያንን በራስዎ አይምረጡ፤ ቦታውን አይቶ የፍንዳታ አደጋ ያለበትን ክፍል ከሌለበት የሚለይ መሐንዲስ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ሆቴል እየጨረስን ነው። ለመታጠቢያ ክፍሎቹ 65 ይጻፍ ወይስ 44?

መልስ፦ ቦታው ይለየዋል። በገንዳው ወይም በሻወሩ ሰሐን ውስጥ የሚገባ መብራት ኤክስ7 እና ከ12 ቮልት ያልበለጠ ይሁን። ከገንዳው በላይ፣ ከወለሉ ተለክቶ እስከ 2.25 ሜትር ከፍታ፣ ከዚያም ወደ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቢያንስ ኤክስ4 ነው፤ 44 ይበቃል። ጽዳት ሠራተኞቻችሁ ግድግዳውን በውሃ ጎማ የሚያጥቡ ከሆነ 65 አድርጉት። ከዚያ ውጭ ላለው ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ፤ የአየር ማውጫ ማራገቢያ ይሻላችኋል፣ የመስታወት ጠል የሚያመጣው እንፋሎቱ ነው።

ጥያቄ፦ ካርቶን ላይ ማንም የፈለገውን ቁጥር ያትማል። እውነት መሆኑን በምን እንለይ?

መልስ፦ ከካርቶኑ ይልቅ ሰውነቱን ያንብቡ። ቁጥሩ በዕቃው አካል ላይ፣ ከዋቱና ከሞዴል ቁጥሩ ጋር፣ በጣት ሲታሸ በማይለቅ ጽሑፍ መኖር አለበት። ብዙ ከሆነ የሚገዙት የፈተና ሪፖርት ይጠይቁ፤ ሪፖርቱ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ዕቃው ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ የሌላ ሰው ወረቀት ነው። ቀጥሎ ማሸጊያውን ይዩ፦ ጎማው ያልተቆራረጠ አንድ ወጥ ቀለበት ይሁን፤ አራት ቁራጭ ሆኖ ማዕዘኑ ላይ የሚገናኝ ከሆነ የሚያፈሰው እዚያ ነው። ብሎኖቹን በማግኔት ይንኩ፤ አጥብቆ የሚይዛቸው ከሆነ ተራ ብረት ናቸው፣ ሲዝጉ ክዳኑ እኩል አይጨብጥም። ኬብሉን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ውጭ ሳብ፣ ጠምዘዝ ያድርጉት፤ በግላንዱ ውስጥ ከተንሸራተተ ሌላውን ማየት አያስፈልግም።

ደርዘን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ገዝተው ይፈትኑ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የውሃ ጎማው ሥር አድርገው በ1 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ያህል እስኪሞላ ቧንቧውን ያስተካክሉ፤ ይህ በደቂቃ 12.5 ሊትር ነው። የጎማውን አፍ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው መክደኛ ያጥብቡት። ፓውዛው የሚከፈት ከሆነ ከፍተው አንዱን ሶፍት በአራቱ ማዕዘን፣ ሌላውን በኬብሉ መግቢያ በኩል፣ ትኩስ ክፍል ሳይነካ ያስቀምጡና ይዝጉት። አንድ ሰዓት ያብሩት። ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉ፣ የተነቀለው ጫፍ ከውሃው ርቆ ደረቅ ቦታ ይሁን፣ ለጥቂት ደቂቃ ረገብ እንዲል ይተዉት፤ ከ3 ሜትር ርቀት ከየአቅጣጫው 3 ደቂቃ ይርጩት። እስኪነጋ ሳይከፍቱ ያሳድሩት፤ ስበቱ የሚጨርሰው ሲቀዘቅዝ ነው። የላቦራቶሪ ፈተና አይተካም፣ ሐሰተኛውን 65 ግን ያጋልጠዋል። ጠዋት ሲከፍቱት የማዕዘኑ ሶፍት ከራሰ ዕቃውን ለሻጩ ይመልሱ። የራሰው የኬብሉ መግቢያ ሶፍት ብቻ ከሆነ ግን አይመልሱት፤ ግላንዱን ቀይረው በሚቀጥለው ምሽት እንደገና ይፈትኑት።